የባኩው ልጅ በሊናሬስ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በደቡብ ስፔን ሊናሬስ ከተማ በተካሄደ የቼዝ ውድድር የ15 ዓመቱ አዘርባጃናዊ ቴይሙር ራጃቦቭ በዓለም የደረጃ ዝርዝር አንደኛ የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። የተጫወተው ጥቁር ይዞ ሲሆን ጨዋታው በ39 እርምጃ አለቀ። በጊዜው የካስፓሮቭ ሬቲንግ 2847፣ የራጃቦቭ 2624 ነበር። አንድ ልጅ ታላቁን ካስፓሮቭን ጣለው የሚለው ወሬ ቼዝ የማይጫወቱ ሰዎች ጆሮ ሳይቀር ደርሷል። ወሬው ሲቀባበል ብዙ ጊዜ ተንጠባጥቦ የሚቀረው ግን ልጁ እንዴት እንዳሸነፈ ነው። የ223 ነጥብ ልዩነት በሰሌዳው ላይ ምን ማለት እንደሆነ፣ ልዩነቱስ በየትኞቹ እርምጃዎች እንደተሻረ ሲታይ ታሪኩ ከወሬው በብዙ ይበልጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕድን ከተማዋ ውድድር

ሊናሬስ በአንዳሉሲያ፣ በሃኤን አውራጃ የምትገኝ ከተማ ናት። ለረጅም ዘመን ኑሮዋ የተመሠረተው ከዙሪያዋ በሚወጣው የእርሳስ ማዕድን ላይ ነበር። ስፔናውያን ስሟን ሲሰሙ በ1947 በከተማዋ ሜዳ በበሬ ተወግቶ የሞተውን ዝነኛውን የበሬ ተፋላሚ ማኖሌቴን ያስታውሳሉ። የቼዝ ሰዎች ደግሞ የሚያስታውሱት ውድድሩ ይካሄድበት የነበረውን ሆቴል አኒባልን ነው።

ውድድሩን በ1978 የጀመረው ሉዊስ ሬንቴሮ የተባለ የአካባቢው ነጋዴ ነው። ሬንቴሮ በጥቂት እርምጃዎች ተስማምተው አቻ የሚለያዩ ተጫዋቾችን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ትግል ለማየት ነው። በዚህ መንፈስ ያደገው ውድድር ከጊዜ በኋላ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚከብድ የሚባል ሆነ። ተጋባዦቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ደካማ የሚባል አልነበረም። በ2003 የተጋበዙት ሰባት ሲሆኑ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ነጭ አንድ ጊዜ ጥቁር ይዞ ይገናኛል። እነሱም ካስፓሮቭ፣ ክራምኒክ፣ አናንድ፣ ሌኮ፣ ፖኖማርዮቭ፣ ስፔናዊው ቫዬሆ እና ራጃቦቭ ነበሩ። ከሁሉ ታናሹ ራጃቦቭ ነው።

ካስፓሮቭ ከ1999 እስከ 2002 ሊናሬስን በየዓመቱ አሸንፏል፤ ከእነዚህ መካከል አንደኛነቱን የተጋራው በ2000 ብቻ ነው። የዓለም ሻምፒዮንነቱን በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ለክራምኒክ ቢያስረክብም በሬቲንግ የሚደርስበት አልነበረም። ወደ ሊናሬስ የመጣው ኒው ዮርክ ላይ ዲፕ ጁኒየር ከተባለው ኮምፒውተር ጋር ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ 3 ለ 3 በተለያየ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው።

በእንዲህ ያለ ውድድር አዳራሹ ጸጥ ያለ ነው። ተመልካቹ ከገመድ ወዲያ ተቀምጦ ጨዋታውን በግድግዳ ላይ በተሰቀሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች ይከታተላል። ተጫዋቾቹ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ይመዘግባሉ፤ ከጎናቸው ያለው ሰዓት የእያንዳንዳቸውን ጊዜ ለየብቻ ይቆጥራል። የነኩትን ጠጠር መተው አይቻልም። ከካስፓሮቭ ፊት የተቀመጠ ሰው ከዚህ ሌላ የሚሸከመው ነገር ነበር። ካስፓሮቭ ሲጫወት ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል፤ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ጨዋታው ተወስኗል ብሎ ባመነ ጊዜም መልሶ ያጠልቀዋል። ሰዓቱ ወደ ክንዱ ሲመለስ ማየት ብቻውን ብዙ ግራንድማስተሮችን ተስፋ አስቆርጧል።

ከአንድ ከተማ የወጡ ሁለት ሰዎች

ሁለቱም የባኩ ልጆች ናቸው። ካስፓሮቭ በ1963 ተወልዶ ቼዝን የተማረው በከተማዋ የወጣት አቅኚዎች ማዕከል ነው። በ1979 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ባኒያ ሉካ ላይ ወደተዘጋጀ የግራንድማስተሮች ውድድር ሲላክ ገና 16 ዓመት እየሞላው ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሬቲንግም አልነበረውም። አንደኛ ወጣ። በ1985 ካርፖቭን አሸንፎ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በጥር 1990 ባኩ ውስጥ በአርመኖች ላይ ጥቃት ሲነሳ፣ በእናቱ አርመናዊ የሆነው ካስፓሮቭ ቤተሰቡንና ወዳጆቹን በተከራየው አውሮፕላን ይዞ ከተማዋን ለቀቀ። ራጃቦቭ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላውም። እሱ ያደገው ካስፓሮቭ በሌለበት ባኩ፣ ካስፓሮቭ ባቆየው የቼዝ ፍቅር ውስጥ ነው። በ14 ዓመቱ ግራንድማስተር ሆነ። በጥር 2003 ኔዘርላንድስ ዋይክ አን ዜ ላይ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ሻምፒዮን የነበረውን ፖኖማርዮቭን ጥቁር ይዞ አሸነፈ። ሊናሬስ ሲደርስ አቅሙ በጠረጴዛ ላይ የተፈተሸ ተጫዋች ነበር፤ የዝናው መጠን ግን ገና ከዕድሜው ጋር የሚነገር ነው።

ሬቲንግ የሚለካው ምንድን ነው?

ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት የሬቲንግ ቀመር የአርፓድ ኤሎ ሥራ ነው። ኤሎ በ1903 ሃንጋሪ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ሚልዋኪ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማረ፣ ራሱም ብርቱ የቼዝ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ቀመሩን በ1960፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ብዙ ጨዋታ ቢጫወቱ እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሚያገኙ ይተነብያል። እኩል ከሆኑ ግማሽ ለግማሽ ይካፈላሉ። ልዩነቱ 200 ሲሆን ከፍተኛው ከመቶ 76 እጅ፣ 400 ሲሆን ከ90 በላይ ይጠበቅበታል። በካስፓሮቭና በራጃቦቭ መካከል ለነበረው 223 ነጥብ ትንበያው ወደ 78 እና 22 ይጠጋል።

ይህን 22 በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። ራጃቦቭ ከመቶ ጨዋታ 22ቱን ያሸንፋል ማለት አይደለም። አቻ እንደ ግማሽ ነጥብ ስለሚቆጠር፣ በዚህ ደረጃ ደግሞ አቻ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ከዚያ 22 አብዛኛው የሚሰበሰበው ከአቻዎች ነው። ለድል የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተጨማሪ ቀመሩ ነጭ ወይም ጥቁር ብሎ አይለይም፤ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ነጭ ግን በልምድ የታወቀ ብልጫ አለው። ሁሉም ሲደመር ልጁ ጥቁር ይዞ ካስፓሮቭን የሚያሸንፍበት ዕድል በጣም ጠባብ ነበር።

ኤሎ ራሱ ስለ ሥራው ሲናገር የአንድን ተጫዋች አቅም መለካት በውኃ ላይ ከፍ ዝቅ የሚልን ቡሽ፣ ነፋስ በሚያወዛውዘው ገመድ በታሰረ ሜትር እንደመለካት ነው ብሏል። የቀመሩ ባለቤት ስለ ቁጥሩ ያለው ትሕትና ብዙ ተጫዋቾች ካላቸው ይበልጣል። ቁጥሩ ያለፉ ውጤቶች ጥርቅም ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንቅልፍ ያልጠገበ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አከፋፈት ማን ለወራት እንደተዘጋጀ አያውቅም።

> ኤሎ ስለ ራሱ ቁጥር ያለው ትሕትና ብዙ ተጫዋቾች ካላቸው ይበልጣል።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ይቀድማል። በ2003 ዓለም አቀፉ ዝርዝር ይወጣ የነበረው በየሦስት ወሩ ነው። በ15 ዓመት ዕድሜ ሦስት ወር ብዙ ነው። የወረቀቱ 2624 የቀደመውን ራጃቦቭ ይናገር ነበር፤ በጠረጴዛው የተቀመጠው ሌላ ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን መዘግየት የታወቀ ጉድለት ብለው ያልፉታል። ከታዳጊ ጋር ተደልድሎ ነጥቡን የተነጠቀ አንጋፋ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

የነጥቡ ስርቆት የሚሠራውም እንዲህ ነው። በዚህ ደረጃ ላሉ ተጫዋቾች ከአንድ ጨዋታ የሚገኘው ወይም የሚታጣው ቢበዛ 10 ነጥብ ነው። ካስፓሮቭ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ወደ 2 ነጥብ፣ አቻ ቢወጣ የሚያጣው ወደ 3፣ ቢሸነፍ ወደ 8 ነው። ከፍ ያለው ተጫዋች አቻ ወጥቶም ይከስራል። ስለዚህ ያሸንፍ ዘንድ ይገደዳል፤ ይህ ግዴታ በኋላ የሚታየውን ጨዋታ ቅርጽ በከፊል ወስኗል።

ይህ ሁኔታ በሊቃውንቱ መንደር ብቻ የሚታይ አይደለም። በቼዝ ኦሊምፒያድ የመጀመሪያ ዙር ጠንካራዎቹ ቡድኖች ዝቅ ካሉት ጋር ስለሚደለደሉ፣ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ውድድሩን የሚጀምሩት በመቶዎች በሚቆጠር ነጥብ ከሚበልጧቸው ጋር ነው። እዚያ ላይ ደካማው ወገን የሚያስመዘግበው ግማሽ ነጥብ እንኳ ለወራት ይወራል።

ሁለት ወታደሮች፣ ሁለት ውሳኔዎች

ካስፓሮቭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አስኬደ። ራጃቦቭ የራሱን የንጉሥ ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፍቶ መለሰ። ይህ የፈረንሳይ መከላከያ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1834 የለንደንና የፓሪስ ተጫዋቾች በደብዳቤ ባደረጉት ግጥሚያ ነው። ጥቁሩ ጥብቅ ግንብ ይሠራል፤ ዋጋውም ነጩ ሰፊ ቦታ ማግኘቱ ነው። ካስፓሮቭ ቦታውን ወሰደ። ወታደሮቹን በመሃል እንደ ሰንሰለት አያይዞ ወደ ራጃቦቭ ንጉሥ ጎን የሚያመራ መንገድ አዘጋጀ። ራጃቦቭ በበኩሉ በሌላው ጎን፣ በንግሥቱ በኩል ወታደሮቹን ወደፊት አስወጣ።

በ10ኛው እርምጃ ራጃቦቭ ከንግሥቱ ቢሾፕ ፊት ተነስቶ ወደ መሃል የተጠጋውን ወታደር አንድ ቤት ወደፊት ገፋው። አሠልጣኞች ይህን እርምጃ ለተማሪ ሲያስረዱ ያስጠነቅቃሉ። ወታደሩ ካለፈ በኋላ የነጩ መሃል ከጭንቀት ያርፋል፤ ነጩም ያለ ስጋት ወደ ጥቃቱ ሊዞር ይችላል። ትርፉ ደግሞ ሩቅ ነው። የተገፋው ወታደር በነጩ ሜዳ ውስጥ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶችን ይጠብቃል፤ አንድ ቀን የጥቁር ፈረስ እዚያ ቢያርፍ የሚያባርረው ወታደር አይኖርም። በ10ኛው እርምጃ ላይ ግን እነዚያ ፈረሶች ገና ሩቅ ናቸው።

ካስፓሮቭ ወዲያው ጥቃቱን ጀመረ። በንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ወረወረ፤ ራጃቦቭ የጠርዙን ወታደር አውጥቶ ተገዳደረው፤ ካስፓሮቭ በላው፤ የጥቁሩ ሩክ መልሶ በላና ወደ ጥጉ ተመለሰ። ተራ የጠጠር ልውውጥ ይመስላል። ሆኖም በዚያ ጠርዝ የጥቁር ወታደር የለም። የራጃቦቭ ሩክ ከጥግ ሆኖ የካስፓሮቭን የጠርዝ ወታደር፣ ከእሱም ኋላ ገና ያልተነቃነቀውን የካስፓሮቭ ሩክ ያያል። መንገዱን የከፈተው ነጩ ራሱ ነው።

የጨዋታው ዕጣ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ወደቀ፤ ወደፊት በተገፋው ወታደርና በተከፈተው ጠርዝ። በ21ኛው እርምጃ የሚጀምር ትንታኔ ይህን ዝግጅት በችኮላ ያልፈዋል። ራጃቦቭ 30 እርምጃ ወደፊት አስልቶ ነበር ማለት አይቻልም፤ እንዲህ የሚያሰላ ሰው የለም። ያደረገው ጊዜው ሲደርስ ሊያገለግሉት የሚችሉ ነገሮችን በሰሌዳው ላይ ማኖር ነው።

21ኛው እርምጃ

ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች የእጅ በእጅ ፍልሚያ ናቸው። ካስፓሮቭ መሃሉን በሌላ ወታደር ሰበረ፤ ራጃቦቭ አንድ ፈረሱን በነጭ ወታደር ሊበላ በሚችልበት ቤት ላይ አስቀመጠ። ቢበላ ኖሮ ጥቁሩም በምትኩ የነጩን ፈረስ ያገኝ ነበር፤ ካስፓሮቭ ፈረሱን መመለስ መረጠ። የጥቁሩ ፈረስ ወደ ካስፓሮቭ ካምፕ ደጃፍ ዘለለ። ካስፓሮቭ በሌላ ፈረሱ የራጃቦቭን ቢሾፕ በላ፤ አሁን ሁለት ቢሾፕ አለው፣ ቦታም አለው፤ የራጃቦቭ ንጉሥ በንግሥቱ ጎን ተከልሏል፣ የካስፓሮቭ ንጉሥ ግን አሁንም መሃል ላይ ነው። ካስፓሮቭ በቢሾፑ ደጃፉ ላይ የቆመውን ፈረስ አስፈራራ። ፈረሱ ወደ ጠርዝ ማፈግፈግ ይችል ነበር። ያን ቢያደርግ ነጩ ተረጋግቶ ንጉሡን ይከልላል፣ ብልጫውንም ቀስ እያለ ያሰፋል። ከካስፓሮቭ ጋር ቀስ በቀስ መጨቆን ምን እንደሚመስል ብዙዎች ያውቁታል።

ራጃቦቭ አላፈገፈገም። በፈረሱ የመሃሉን የነጭ ወታደር በላ። ፈረሱን በወታደርም በቢሾፕም መብላት ይቻል ነበር። በወታደር ቢበላ ግን ያ ወታደር መሃሉን ለቅቆ ይሄዳል፤ በንግሥቱ ጎን የቆመችው የጥቁር ንግሥት በረጅም ሰያፍ እስከ ካስፓሮቭ ንጉሥ ጓዳ ድረስ መንገዷ ይጸዳል። የጥቁር ሩክም በአጠገብ ያለውን ክፍት ዓምድ ለመያዝ ዝግጁ ነው። መሃል ላይ የቀረ ንጉሥ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ፈረስ ማትረፉ አያጽናናውም።

> ንጉሡ መሃል ላይ ሳለ ፈረሱን መብላት በሮቹን ሁሉ መክፈት ነበር።

ካስፓሮቭ ፈረሱን ሳይበላ ንግሥቱን አንቀሳቀሰ። ጥቁሩ ፈረስ ወታደሩን ይዞ በሰላም ወደ ኋላ ተመለሰ። ካስፓሮቭ በንግሥቱ ሌላ ወታደር በልቶ ቁጥሩን አስተካከለ፤ ግን በዚህ መሀል ራጃቦቭ ቢሾፑን ወደ ጠርዝ አውጥቶ የካስፓሮቭን ፈረስ ከንጉሡ ጋር በአንድ ሰያፍ አሰረው። ፈረሱ ቢነሳ ንጉሡ ቼክ ውስጥ ነው። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ጥያቄ የሚጠይቀው ጥቁሩ ነው፤ መልስ የሚፈልገው ነጩ።

ያልተንቀሳቀሰው ሩክ

ካስፓሮቭ በ26ኛው እርምጃ ንጉሡን በንግሥቱ ጎን ከለለ። በጣም ዘግይቷል፤ የገባበትም ጎን በ10ኛው እርምጃ የተገፋው ወታደር የሚጠብቅበት ነው። ራጃቦቭ ሌላውን ፈረሱን በጠርዝ አዙሮ በዚያ ወታደር ጥላ ሥር አሳረፈውና ቼክ አለ። ንጉሡ ወደ መሃል ተመለሰ። ቢሾፑ ታስሮ የነበረውን ፈረስ በላ።

በተለመደው ሁኔታ ይህ ልውውጥ ነው፤ ቢሾፑን የጠርዙ ወታደር ይበላዋል። ካስፓሮቭ ግን በቀጥታ ከመብላት ይልቅ ከኋላ ረድፍ የነበረውን ሩክ ወደ ሰባተኛው ረድፍ ወረወረው። ያ ሩክ የጥጉን ሩክ ይጠብቅ ነበር። ሲሄድ የጥጉ ሩክ ጠባቂ አጣ። አሁን የጠርዙ ወታደር ቢሾፑን ለመብላት ቢነሳ ከኋላው ያለውን ሩክ የጥቁሩ ሩክ በተከፈተው ጠርዝ ወርዶ ይበላዋል። በ12ኛው እርምጃ የተከፈተው መንገድ ዕዳውን ጠየቀ። ንግሥቶች ተለዋወጡ፣ አንድ ጥንድ ሩክም ወጣ፤ በ34ኛው እርምጃ ካስፓሮቭ ሩኩን በቢሾፕ አስጠበቀ፤ ያኔ የራጃቦቭ ቢሾፕ ከአደጋው ወጥቶ ሄደ። ራጃቦቭ አንድ ትልቅ ጠጠር በልጧል።

ጨዋታው ከዚህ በኋላም እንከን የለሽ አልነበረም። ራጃቦቭ በመሃል ያለ ወታደሩን ሳይጠብቅ ቀረና ካስፓሮቭ በላው። ትልቅ ጠጠር የበለጠ ሰው፣ ቀደም ሲል ካጣው ጋር ሁለት ወታደር ሲጎድለው ድሉ ገና መሥራት ይቀረዋል። ራጃቦቭ የሠራው በፈረሶቹ ነው። በ39ኛው እርምጃ ሁለተኛው ፈረስ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ባለው ቤት አረፈ፤ ሁለቱም ቤቶች በ10ኛው እርምጃ የተገፋው ያው ወታደር የሚጠብቃቸው ናቸው። የካስፓሮቭ ንጉሥ በመጀመሪያው ረድፍ በሁለት ፈረሶች፣ በአንድ ሩክና በአንድ ቢሾፕ ተከቧል። የጥጉ ሩክ ጨዋታው በተጀመረበት ቤት እንደቆመ ነው፤ አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰም። ካስፓሮቭ እጅ ሰጠ።

> በ10ኛው እርምጃ የተገፋ ወታደር በ39ኛው ሁለት ፈረሶችን በንጉሡ ደጃፍ አስቆመ።

ብርቱው ለምን ይሸነፋል?

ዝቅ ያለ ሬቲንግ ያለው ሰው ከብርቱ ጋር ሲደለደል ምን ያድርግ በሚለው ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ጠጠር ማለዋወጥና ጨዋታውን ማቅለል ይመክራሉ፤ ትንሽ ጠጠር ሲቀር ስህተት የመሥሪያ ቦታም ይጠባል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ነገሩን ማወሳሰብ ይሻላል ባይ ናቸው፤ ቀላል በሆነ አቋም ብርቱው በትዕግሥት ብቻ ያሸንፋልና። የሊናሬሱ ጨዋታ ለሁለተኞቹ ይመሰክራል። ግን ውስብስብነት ብቻውን አይበቃም። ራጃቦቭ ነገሩን ያወሳሰበው የነጩ ንጉሥ መሃል ላይ በቀረበት ሰዓት፣ መንገዶቹ ለእሱ ጠጠሮች በሚከፈቱበት አቅጣጫ ነው። ያለ ምክንያት ጠጠር የሚሠዋ ታዳጊ በየውድድሩ አለ፤ አብዛኛው ይሸነፋል።

የዳኝነት ልምድ ያላቸው ሰዎች ሌላ ነገር ያስተውላሉ። ደካማው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በጭንቅ ሰዓት ሳይሆን አቋሙ ከተሻሻለ በኋላ ነው። ከፊቱ ያለውን ስም ያስታውሳል፤ የማይታይ ወጥመድ ይጠረጥራል፤ አሸናፊውን እርምጃ ትቶ ደህና የሚመስለውን ይመርጣል፣ ወይም አቻ ይጠይቃል። ራጃቦቭ ወታደር ከጣለ በኋላ እንኳ አልተደናገጠም። ከዕድሜው አንጻር ከ21ኛው እርምጃ እኩል የሚደነቀው ይህ ነው።

በብርቱው ወገን ያለው ጫና ከዚህ የተለየ ነው። አቻ ኪሳራ ስለሆነበት ብልጫውን በፍጥነት ወደ ድል ለመቀየር ይቸኩላል። ካስፓሮቭ ንጉሡን ሳይከልል በዚያው ጎን ወታደሮቹን መወርወሩ በዘመኑ ከማንም በላይ ይዋጣለት የነበረ አካሄድ ነው፤ አሸንፎበት ያውቃል። በዚያ ቀን ግን ንጉሡ እስከ 26ኛው እርምጃ ሳይከለል ቆየ።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ከሊናሬስ በፊትም በኋላም አሉ። በ1956 ኒው ዮርክ ላይ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ጥቁር ይዞ ዶናልድ በርንን በ41 እርምጃ ማት አደረገ፤ ያን ጊዜ የኤሎ ቁጥር ገና አልተሠራበትም። በጥቅምት 2023 ዶሃ ላይ የካዛክስታኑ አሊሸር ሱሌይሜኖቭ 2512 ነጥብ ይዞ 2839 የነበረውን ማግነስ ካርልሰንን አሸነፈ። በነጥብ ልዩነት ካየነው የኋለኛው ይበልጣል። ግን ሱሌይሜኖቭ ነጭ ይዞ ነበር፤ ራጃቦቭ ደግሞ ልጅ ነበር፣ ጥቁር ይዞ ነበር፣ ከፊቱም የተቀመጠው ካስፓሮቭ ነው።

የሽልማቱ ክርክር

ውድድሩን ሌኮና ክራምኒክ እኩል ነጥብ አምጥተው በአንደኝነት ጨረሱ፤ ካስፓሮቭና አናንድ በግማሽ ነጥብ ተከተሏቸው። ከራጃቦቭ ጋር የተደረገው ጨዋታ የካስፓሮቭ ብቸኛ ሽንፈት ነበር። ያ አንድ ነጥብ ባይጠፋ ኖሮ አንደኛ ይወጣ እንደነበር ማስላት አያስቸግርም።

በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት የውድድሩ ውብ ጨዋታ ሽልማት ለዚሁ ለራጃቦቭ ድል ተሰጠ። ካስፓሮቭ መድረኩ ላይ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ያዘና በሕዝብ ፊት ተቃወመ። የተከራከረው ጨዋታው የተመረጠው ስላማረ ሳይሆን የተሸነፈው እሱ ስለሆነ ነው ብሎ ነው። እንደ እሱ አባባል የተሻለ አቋም ይዞ ጠጠር በስህተት አስበልቷል፤ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ውብ ብሎ መሸለም እሱን ማዋረድ ነው። ራጃቦቭ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዕለቱ ገና 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ልጅ የሚደሰትበት መሆን ይገባው ነበር።

የካስፓሮቭ ክርክር ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ነጩ ረጅሙን የጨዋታውን ክፍል የተሻለ ቦታ ይዞ አሳልፏል፤ ጥቁሩም በመጨረሻው ክፍል ተሳስቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከን የሌለበት ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ሌላ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ውበትን ከትክክለኛነት ጋር ብቻ የሚያስተሳስር መመዘኛ የቼዝን ግማሽ ያስቀራል። በ21ኛው እርምጃ ላይ ያለው ውሳኔ፣ በ10ኛው የተገፋው ወታደር በ27ኛውም በ39ኛውም ማገልገሉ፣ በ12ኛው የተከፈተው ጠርዝ እስከ ፍጻሜው ሩክ አስሮ ማቆየቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ሽልማቱ ለሚገባው ተሰጥቷል። የተሸናፊው ስም ድምፅ ሰጪዎቹን ገፋፍቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ጨዋታውን አያሳንሰውም።

ከሊናሬስ በኋላ

ራጃቦቭ በዚያው ዓመት ዶርትሙንድ ላይ አናንድን ጥቁር ይዞ አሸነፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ ፖኖማርዮቭን፣ ካስፓሮቭንና አናንድን፣ ሦስቱንም ጥቁር ይዞ መጣል ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያደረገው የለም። ከጊዜ በኋላ ዋና መሣሪያው ያደረገው የንጉሥ ሕንዳዊ መከላከያን ነው፤ ካስፓሮቭ በወጣትነቱ የታወቀበትና በኋላ የተወው አከፋፈት። በ2012 ሬቲንጉ 2793 ደረሰ።

ካስፓሮቭ በመጋቢት 2005 በዚያው በሊናሬስ አንደኛነቱን አስመልሶ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ከሙያ ቼዝ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። ያኔም በዓለም ዝርዝር አንደኛ ነበር። የሊናሬስ ውድድር ራሱ ስፔንን በመታው የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት ከ2010 በኋላ ቆመ።

ራጃቦቭ በ2019 ሃንቲ ማንሲስክ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ እስከ ፍጻሜ ደርሶ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን በብሊትዝ (እጅግ ፈጣን) ጨዋታ መለያ አሸነፈ። ዲንግ የውድድሩ ባለ ከፍተኛ ሬቲንግ ተጫዋች ነበር። ድሉ ለሻምፒዮንነት ተፎካካሪ ወደሚለይበት ውድድር የሚያስገባ ቢሆንም ራጃቦቭ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ስጋት ራሱን አገለለ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በቀጣዩ ዙር ቦታ ሰጠው፤ በ2022 ማድሪድ ላይ ሦስተኛ ወጣ።